የአዴ ሃሊሞ በሽተኛ

ያልተጠራ ሐኪም የሌለበት ሰፈር እግዜር አልፈጠረም። ሰፈሩ ውሃ ላይኖረው ይችላል፤ መብራት ላይኖረው ይችላል፤ ዘበኛው ዱላውን ታቅፎ ሲያንኮራፋ ሊያድር ይችላል። ያልተጠራው ሐኪም ግን አይጠፋም። ደጃፍህ ላይ ይቆምና "ፊትህ ምነው?" ይልሃል። ፊትህ ምንም እንዳልሆነ ብትነግረው፣ "የሚያስፈራው እኮ ምንም አልሆንኩም የሚል በሽተኛ ነው" ብሎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ጠዋት እንደ ሚዳቋ ዘለህ የተነሳኸው ሰውዬ፣ ማታ ጆሮህ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ተወትፎ፣ እግርህ በሰናፍጭ ተለቅልቆ ትገኛለህ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መዳን ነው። ከዳንክ አለቀልህ፤ ዕድሜ ልክህን የእሱ ምስክር ሆነህ ትቀራለህ።

ድሬ ውስጥ፣ ከከዚራ ጀርባ፣ ወደ ደቻቱ ወንዝ በሚወርደው መንገድ፣ ይህን ሹመት የያዘችው ክብርት አዴ ሃሊሞ ነበረች። በአንቱታ "ነበሩ" ልንል ይገባን ነበር፤ ግን አንቱ ሲሏት ትቆጣለች። "አቦ፣ ስንት ሰው መሰልኩህ?" ትላለች። እኛም ቁጣዋን ስለምናውቅ አንቺ ብለን እንቀጥል።

ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ የወርቅ ጥርስ ያላት ሴት ናት። ከጅቡቲ የሚመጣ ሽርጥና ሽቶ ትሸጣለች፤ ግን እሱ ለይስሙላ ነው፤ ሥራዋ እኛ ነን። ባሏ የባቡር ፍሬን ያዥ ነበር። ሲሞት ሰፈሩ አልቅሶ ሳይጨርስ እንባዋን ጠረገችና "አልሰማ ብሎኝ ነው እንጂ ይድን ነበር" አለች። ሰውዬው ከባቡር ላይ ወድቆ ነው የሞተው።

አንድ ቃል አላት፦ "አብሽር!" አትጨነቅ ማለቷ ነው። የሰፈሩ ሰው ግን መጨነቅ የሚጀምረው ይህችን ቃል የሰማ ዕለት ነው።

የካሂን ሱቅ ሬዲዮ አንድ ቀን ድምፁ ጎርነን ብሎ ጠፋ። ካሂን ሠሪ ዘንድ ሊወስደው ሲነሳ አዴ ሃሊሞ ደረሰች። ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠች። "አብሽር! ብርድ ነው የመታው" አለች። ብርድ! ያውም በግንቦት፣ ያውም ድሬ! ሬዲዮው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ከሰዓት በኋላ ለአንድ አፍታ የአረብ ዘፈን ዘፈነ፣ ጭስ ተነፈሰ፣ ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣውም። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? "አየህ፣ ተናግሯል እኮ! መድኃኒቱ ሠርቷል። ቀኑ ደርሶበት ነው።"

የፋራህ የጋሪ ፈረስ ሲያነክስ ደግሞ ያላነከሰውን እግር አሸችለት። "የታመመው ምን አደረገ? ጤነኛው ነው አላግዝ ያለው" አለች። ፈረሱ በማግስቱ በሁለቱም አነከሰ፤ ፋራህ እንደሚለው ግን ቢያንስ አካሄዱ ተስተካከለ።

እንግዲህ ይህችን ሴት ፈጣሪ ለማን ጎረቤት አድርጎ ቢሰጣት ጥሩ ነው? ለአቶ ጥሩሰው።

ጥሩሰው የምድር ባቡር ዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነው። ፈረንሳይኛ ያውቃል። ሱሪው በዚያ ሙቀት እንኳ እንደ ቢላ የተተኮሰ ነው። ወንበሩን ሰው ካንቀሳቀሰበት ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃል። ወደ አርባ እየተጠጋ ብቻውን ይኖራል፤ ብቻውን ማለትም ብቻውን ነው። ድመት ነበረችው፣ ወደ ካሂን ሱቅ ኮበለለች። ዶሮ ገዛ፣ ሞተች። ጎረቤት የሰጠው በሶብላ ቀና ሳይል ደረቀ። ይህ ሁሉ ያላሳሰበውን ጥሩሰውን አንድ ቀን ድንገት አሳሰበው፤ ምክንያቱም አለምብርሃንን ወደደ።

አለምብርሃን የሆስፒታል ነርስ ናት። ለተጨማሪ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ በተዘጋጀች ሰሞን፣ ጥሩሰው በከዚራ ዛፎች ሥር ሲሸኛት ላቡን አንዴ፣ ኮሌታውን አንዴ እየነካ፣ ሽማግሌ ቢልክ ምን እንደሚሰማት ጠየቃት። እሷም አየት አደረገችውና፦

"አቶ ጥሩሰው፣ ቤትዎ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር አለ?" አለችው።

አሰበ። "እኔ አለሁ።"

"ከእርስዎ ሌላ።"

ኮሌታውን እንደገና ነካ። እሷም ሳቋን አፍና፣ "እንግዲያው እስክመለስ አንድ ነገር ያኑሩ። ትንሽም ትሁን። ኖሮ ካገኘሁት እንነጋገራለን" ብላው ሄደች።

ይህን የሰማነው ከማን ነው አትበሉን። ከዚራ ዛፍ ሥር የተነገረ ነገር ከጥላው ቀድሞ መጋላ ገበያ ይደርሳል።

በዚያው ሰሞን አንድ የባቡሩ ፈረንሳዊ ሹም አገሩ ሊገባ ዕቃውን ሸጠ። በረንዳው ላይ ኦርኪድ የሚሏት አበባ ነበረችው፤ ስታብብ ነጭ ቢራቢሮዎች በአንድ ዘንግ ላይ ተሰልፈው ያረፉ ይመስላሉ። አለምብርሃን ከሥራ ስትመለስ ሁልጊዜ አጥሩ ጋ ቆም ብላ ታያት እንደነበር ጥሩሰው ያውቃል። ሰው አልጋና ቁም ሳጥን ሲሻማ እሱ ሮጦ ማሰሮዋን አቀፈ።

የታቀፈው ግን በሽተኛ ነበር። ዕቃ ሲወጣ ሲገባ ፀሐይ ላይ ረስተዋት ኖሮ የታችኛው ቅጠሏ ቢጫ ሆኗል፣ የቀሩት እንደ አሮጌ ጓንት ተጨማደው ተንጠልጥለዋል። አበባ የሚባል ነገር የለም። የሹሙ ሚስት ግን ተስፋ አትቁረጥ አለችው። አፈር አታስነካት፣ ሥሯ አየር ትፈልጋለች፤ ለዚህ ነው በዛፍ ቅርፊት ስባሪ ውስጥ የተተከለችው። ውሃ ጥቂት ጥቂት። ፀሐይ ፊት ለፊት አትያት። ጥሩሰውም እንደ አለቃ ትእዛዝ በቃሉ ያዘው።

ያዘውና አከበረው። በጣም አከበረው። ጥቂት ውሃ ስለተባለ በማንኪያ ለካላት። ሰው እንኳ በማንኪያ ውሃ በማይኖርበት በድሬ ሙቀት! የድሬን ውሃ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ኖራ የሚለስን ውሃ ነው። የሥሮቿ ጫፍ ነጭ ቅርፊት አወጣ፣ ቅጠሏ ይባስ ተሸበሸበ። ጥሩሰው ጎንበስ ብሎ በፈረንሳይኛ ሲለማመጣት ነበር የአዴ ሃሊሞ ሸበጥ ከበረንዳው የተሰማው።

"ምንድነው ይኼ?"

"አበባ ነው።"

"አበባው የታለ?"

"ገና ነው፣ አዴ።"

ዞረቻት። በግራ አየቻት፣ በቀኝ አየቻት። ከዚያ ማሰሮው ጠርዝ ላይ በአየር የተንጠለጠሉትን ሥሮች ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ያ ረቢ! ሥሯ ደጅ ነው!"

"እንደዚያ ነው ተፈጥሮዋ። አየር ትፈልጋለች።"

"ዋሪያ! አንተ አየር ስትፈልግ ሱሪህን አውልቀህ ነው ከዚራ የምትወጣው?"

"ማዳሟ ናት የነገረችኝ..."

"ማዳሟ የራሷም ክንድ ራቁቱን ነው። ይቺ ልጅ ሐፍረት ነው የያዛት። አብሽር!"

ጥሩሰው ሥራ ሲሄድ በሩን ቆለፈ። ምን ዋጋ አለው? ከሱ በፊት በቤቱ የነበረው ተከራይ "ለእሳት ለምናምን" ብሎ ቁልፍ የተወው ለአዴ ሃሊሞ ነው። በቀትር ሲመለስ ኦርኪዷ የለችም። ያለችው በአፈርና በፍየል በጠጥ እስከ አንገቷ የተቀበረች፣ ወገቧን በጨርቅ የታሰረች፣ ከበላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ያስወጣች አንዲት ነገር ነች።

"ሸፈንኳት" አለች አዴ ሃሊሞ ከማዶ ሆና። "ቀለሟ ሲመለስ አታይም?"

ጥሩሰው የተተኮሰ ሱሪው ላይ ጭቃ እየተንጠባጠበ ቆፍሮ አወጣት፣ አጠባት፣ ቅርፊቱን ለቅሞ መለሰላት። ቁልፏን እንድትሰጠው ጠየቃት። ሰጠችው፤ ሳትከራከር ሰጠችው። ሌላ ቁልፍ እንዳላት መጠርጠር የነበረበት ያኔ ነው።

ደግነቱ ከቀብሩ በኋላ አልሞተችም። ጉዳቱ የመጣው ከጥየቃው ነው።

በእኛ ሰፈር የታመመ አይተውም። በእምነት አይለይ፣ በቋንቋ አይለይ፤ ታሟል ከተባለ ይኬዳል። ባዶ እጅ አይኬድም። የሄደም ሰው፣ ያመጣውን በሽተኛው ሲቀምስለት ሳያይ አይነሳም። አዴ ሃሊሞ ታዲያ መንገድ ለመንገድ ስትዞር "የጥሩሰው ነገር ጠንቶባታል፣ ተኝታለች" እያለች ኖሯል። ማን እንደተኛች የጠየቀም ያልጠየቀም ነበር።

ጥሩሰው ከቢሮ ሲመለስ በረንዳው ላይ ጫማ ተደርድሯል። ሲገባ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ተቀምጧል፣ ሁሉም በሹክሹክታ ያወራል። መካከል ላይ፣ በጥሩሰው ትራስ ላይ፣ ኦርኪዷ ተደላድላ ተቀምጣለች።

"ቀስ በል አቦ" አለችው አዴ ሃሊሞ። "አሁን ገና ነው ያረፈችው።"

ዓይናቸውም ጆሯቸውም የደከመው ባልቴቷ ቢሻሮ የጥሩሰውን እጅ ጨብጠው ያዙ።

"አይዞህ ልጄ። አላህ ያሽርልህ። ልጆች አሏት?"

"ማን፣ እማማ?"

"ሚስትህ።"

"ሚስት የለኝም።"

ቢሻሮ ደረታቸውን ደቁ። "ወይኔ! አረፈች? ለካ አርፋለች ስትል ሰምቻለሁ!"

ሹክሹክታው ወደ ለቅሶ ሊዞር ትንሽ ሲቀረው ፋራህ እንደምንም አረጋጋቸው። ፋራህ ራሱ ግን ከስኳሩ ብዛት የወፈረ የቀዘቀዘ ሻይ ሥሯ ላይ ሲያንቆረቁር ነበር። "ጉልበት ይሰጣታል፣ ለፈረሴም እሰጠዋለሁ" አለ። ቢሻሮ ከየት መጣ ሳይባል የግመል ወተት ጠብ አደረጉ። ካሂን የአብሽ ውሃ አምጥቷል። የሬዲዮውን ነገር ረስቶ እሱም ለአዴ ሃሊሞ ሕክምና ተሰልፏል፤ ሰው እንዲህ ነው። አንዱ ሲያጠጣ ሌላው "የእኔስ?" ይላል። ጥሩሰው መሃል ቆሞ ማንን እንደሚከለክል ጠፋው፤ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ከበሽተኛ አጠገብ ገፍቶ ማስወጣት በዚህ አገር በሽታውን ከማምጣት የባሰ ነውር ነው። "እግዜር ይስጥልኝ" እያለ፣ እያንዳንዷ ጠብታ ልቡ ላይ እየወደቀችበት፣ እያጎነበሰ ሸኛቸው።

ማታ ጉንዳን መጣ። ሳይመክር የሄደ ጠያቂ ጉንዳኑ ብቻ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማሰሮዋ ሸተተ። ጥሩሰው ገልብጦ ሲያያት ሥሮቿ ቡናማ ሆነው ይላጣሉ፤ በጣት ሲነኩ እንደ በሰበሰ ገመድ ይፈርሳሉ። የጺም ምላጩን በእሳት አሙቆ የበሰበሰውን ሁሉ ቆረጠ። ቆርጦ ሲጨርስ የቀሩት ጥቂት ሥሮችና ሁለት ሽብሽብ ቅጠሎች ነበሩ። አለምብርሃን ከአዲስ አበባ ስትመለስ ኖሮ አገኘዋለሁ የምትለው ነገር ይቺው ናት። አኑር የተባለው እሷን ነበር።

ማሰሮውን ትቶ ቅሪቷን ብቻ በእጁ ይዞ ወጣ። አዴ ሃሊሞ ደጃፏ ላይ፣ በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሽርጥ ታጥፋለች።

"ምነው ፊትህ?" አለችው።

በሕይወቱ ጮኾ የማያውቀው ሰው ጮኸ። "አዴ ሃሊሞ! የነኩት ሁሉ ይሞታል! ሬዲዮ ገደሉ፣ ፈረስ ሰበሩ፤ ይቺ ግን የኔ ነበረች! አንድ ነገር ብቻ ነበር እንዳኖር የተባልኩት፣ አንድ! እንኩ፣ ጨርሰዋታል፣ እርስዎ ይቅበሯት!"

እግሯ ሥር ጥሏት ሄደ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ መልሷን ጠበቀ። አዴ ሃሊሞ ግን አጎንብሳ አነሳቻት። የሰፈሩ ፍየሎች ደግሞ ገና ከሩቅ አይተዋት እየመጡ ስለነበር፣ መሬት ላይ መተው አልሆነላትም። ደጃፏ ላይ፣ ከኒሙ ሥር፣ ለባሏ ነፍስ ብላ መንገደኛ እንዲጠጣው የምታስቀምጠው የሰደቃ ውሃ ጋን ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ አለ። ከሻሿ ጫፍ ቀድዳ ቅጠሏን ወደ ጎን አድርጋ በጋኑ አንገት አሰረቻት፤ ፍየል እንዳይደርስባት። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ይህን ደጋግማ ብትክድም እኛ አይተናል።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥሩሰው መንገድ ለወጠ። ወደ ቢሮ ሲሄድም ሲመለስም በላይ በኩል ይዞራል፤ ወደዚያ ደጅ ፊቱን አያዞርም። ኩርፊያው የሚያኮራ ነበር። መጀመሪያ ላይ እንደ ዕረፍት ቆጠረው። ወንበሩ ባለበት ይገኛል። ትራሱ የራሱ ነው። በሩ በተቆለፈበት ይቆያል።

ግን ጉንፋን ያዘው። ቀኑን ሙሉ አነጠሰ፤ ማንም "ፊትህ ምነው?" አላለውም። በረንዳ ላይ ወጥቶ አነጠሰ። ዞር ብሎ፣ ወደዚያ ወደ ማዶ አቅጣጫ፣ ከፍ አድርጎ አነጠሰ። ሸበጥ የሚባል ነገር አልተሰማም። ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ለቀቀው። ማንም ሳይመሰክርበት የዳነ በሽታ እንዲህ እንደሚያስቀይም ከዚያ በፊት አያውቅም ነበር፤ ይህንንም ተበሳጭቶ ለፋራህ ነገረው፤ ፋራህ ለእኛ።

አለምብርሃን በክረምቱ ማለቂያ እንደምትመጣ በባቡር ሠራተኞች በኩል መልእክት ላከችለት። ጥሩሰው በሐዘን ሆኖ ኦርኪዷን የሚተካ ነገር ፈለገ። አንድ ኤሊ ገዛ፤ ኤሊ እንኳ አይሞትም ብሎ። ኤሊዋ በአጥሩ ሥር ሾልካ ሄደች። ኤሊ ያመለጠው ሰው እሱ ብቻ ይሆናል።

አለምብርሃንን ያመጣችው፣ ሊቶሪና የምትባለው የመንገደኛ ባቡር የገባችበት ቀን በደጋው የዘነበው ዝናብ ደቻቱን ሞልቶት ነበር። ጥሩሰው ጣቢያ ቆሞ ምን እንደሚላት ሲያጠና ዋለ፤ ስትወርድ ያጠናውን ረሳው። ፋራህ ሻንጣዋን ጋሪው ላይ ጫነ። የላይኛው መንገድ በጎርፉ ተቆርጧል፤ ማለፊያው አንድ ብቻ ነው፤ በአዴ ሃሊሞ ደጅ።

"ሌላ መንገድ የለም?" አለ ጥሩሰው።

"ዋኝቶ ለሚሄድ አለ" አለ ፋራህ።

ኒሙ ሥር ሲደርሱ አለምብርሃን "ጠማኝ፣ አንዴ አቁም" አለች። ወርዳ ጣሳውን አነሳች፣ ከጋኑ ቀዳች፣ አፏ ጋ አድርሳ ቆመች።

"አቶ ጥሩሰው። ይቺ ያቺ የፈረንሳዮቹ አይደለችም?"

ጥሩሰው ከጋሪው ዘለለ። ቀረበ። እሷ ናት። የተሸበሸቡት ሁለት ቅጠሎች ሞልተው ቀና ብለዋል። መሃላቸው አንድ አዲስ ቅጠል፣ አንጸባራቂ፣ ወጥቷል። ሥሮቿ ወፍራምና ብርማ ሆነው የጋኑን ሆድ እንደ ሕፃን ክንድ አቅፈውታል፤ ጫፋቸው አረንጓዴ ነው። ጨርቁ ላልቶ ወድቋል፤ አያስፈልጋትም፣ ራሷን ይዛለች። ከቅጠሉ ሥር ደግሞ አንዲት ትንሽ ዘንግ፣ ገና የጣት ያህል፣ ብቅ ብላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጋን ያልበዋል። የድሬን ኖራ በሸክላው አስቀርቶ ጥሩውን ያልባል። የኒሙ ጥላ ፀሐዩን ይመክታል፣ ከደቻቱ ነፋስ ይመጣል፣ አፈር የለ፣ የሚያሰምጥ ውሃ የለ። ማዳሟ ያዘዘችው ሁሉ ማዳሟ በሕልሟ ባላየችው መንገድ ተፈጽሟል። ይህን ያሰበ ሐኪም የለም፤ ያሰቡት ካሉ ፍየሎቹ ናቸው።

ሸበጥ ተሰማ። አዴ ሃሊሞ ወጣች። ጥሩሰው ዓይኑን ጨፈነ። አሁን ይመጣል፤ አብሽር ይመጣል፣ የሬዲዮው ታሪክ ይመጣል፣ እንዴት እንደጮኸባት፣ እግሯ ሥር እንደጣላት፣ እንዴት ከሞት እንደመለሰቻት። ሽማግሌውም ሠርጉም እዚሁ ጋን ሥር ያልቃል። ደግሞ ለምን አይመጣም? ሴትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ የዳነ በሽተኛ ስትጠብቅ ኖራ ይኸው አገኘች።

"አዴ፣ ማነው እንዲህ ያኖራት?" አለች አለምብርሃን።

አዴ ሃሊሞ አፏን ከፈተች። የወርቅ ጥርሷ ብልጭ አለ። ጥሩሰውን አየችው።

"እሱ ነው" አለች።

ፋራህ ልጓሙን ጣለ።

"እኔ ስለ አበባ ምን አውቃለሁ? ሽርጥ ነጋዴ ነኝ። ቤቱ ይሞቃል ብሎ እዚህ አሰራት። ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ይመጣል፣ ያያታል። እንቅልፍ የለውም እኮ።" ወላሂ ልትል ነበር፤ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ዋጠችው። ፊቷን አዙራ ሽርጦቿን ማጠፍ ጀመረች፤ የታጠፉትን ፈትታ እንደገና።

አለምብርሃን አንዴ ጥሩሰውን፣ አንዴ መሬት ላይ የወደቀውን የሻሽ ጨርቅ አየች፤ አዴ ሃሊሞ ራሷ ላይ ያሰረችው ሻሽ ጫፉ ተቀድዷል።

"ውሃ በየስንት ጊዜ ይሰጧታል፣ አቶ ጥሩሰው?"

ጥሩሰው ጋኑን አየ፣ ሰማዩን አየ። "አልሰጠኋትም" አለ። "እዚህ መሆኗንም አላወቅሁም። ጥያት ነው የሄድኩት። እሷ ናት።"

"አውቄያለሁ። ከእኔ የባሰ ነው የደነገጡት" አለችው። ውሃዋን ጠጣች፣ ጣሳውን መለሰች። "እኚህ ሴትዮ ከእርስዎ ጋር ጎረቤት ከሆኑ ቆዩ?"

"ድሬ ከመጣሁ ጀምሮ።"

"ደህና ናቸው?"

"ከኔ ይሻላሉ።"

"እንግዲያው እርስዎ አጠገብ ኖሮ የተገኘ ነገር አለ" አለችና ወደ ጋሪው ወጣች። "እንነጋገራለን።"

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። አዴ ሃሊሞ ግን ታመመች።

እውነተኛ ሕመም ነው፤ በሰፈሩ ታይቶ የማይታወቅ። ከአልጋዋ አልነሳ አለች። የኦርኪዷ ዘንግ ረዘመች፣ እምቡጥ ያዘች፣ ውሃ ሊጠጣ የሚቆመው ሁሉ "ማነው ይህን ያበቀለው?" ይላል፤ አዴ ሃሊሞም ከውስጥ ሆና "ጥሩሰው" እያለች ታቃስታለች። አንዴ የተናገረችውን ማጠፍ ነውር ሆነባት። ምግብ አልወርድ አለ። ቢሻሮ መጥተው ደረታቸውን ደቁ። ማንም ምን እንደያዛት አላወቀም፤ ሐኪሟ ራሷ ነበረቻ።

ጥሩሰው የግመል ወተት ይዞ ገባ። ባዶ እጅ አይኬድም። አልጋዋ አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፣ በግራ አያት፣ በቀኝ አያት።

"በሽታሽን አውቄዋለሁ" አላት።

"አንተ?" አለች፤ ተዳክማም ቢሆን ተሳደበች። "አንተ ጉንፋን አታውቅ።"

"ንገሪያቸው። ለሰው ሁሉ ንገሪ። አለምብርሃን እንደሆነች ያኔውኑ ነው ያወቀችው፤ ሽማግሌዎቹም ሄደው ተመልሰዋል፣ እሺ ተብለናል። ያዳንሻት አንቺ ነሽ።"

አዴ ሃሊሞ ጣሪያውን አየች። ወተቱን ተቀበለችው። ጠጣች፣ እስከ ጭላጩ። ከዚያ እግሮቿን አወረደች፣ ሸበጧን ፈልጋ አገኘች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ ጥሩሰውን ባዶ አልጋ አጠገብ ትታው ወጣች።

ወዲያው ከኒሙ ሥር ድምፅዋ መጣ። አንድ ከመልካ ጀብዱ የመጣ መንገደኛ ጣሳውን ይዞ ቀርቷል፣ አይጠጣ አይሄድ። በምትነግረው ታሪክ ውስጥ ጥሩሰው ደጇ ላይ ተንበርክኮ ያለቅሳል። ራሱን ይስታል፤ በነጭ ሽንኩርት ትመልሰዋለች። የፈረንሳዩ ማዳም ከማርሴይ ምክር ትጠይቃለች። ኦርኪዷን ጋኑ ላይ የማሰሩ ነገር በቤተሰቧ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ምሥጢር ነው፤ ፍየል የሚባል በአካባቢው አልነበረም።

ጥሩሰው ይህ ሁሉ ውሸት ለሰው ሳይደርስ ወጥቶ ሊያስተካክል ተነሳ። አንዱን ጫማውን አጠለቀ። ጆሮውን ሰጠ፤ በእሷ ታሪክ ውስጥ አሁን ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ራሱን እየሳተ ነበር።

ጫማውን አወለቀና ተመልሶ ተቀመጠ።